ስድሳ አምስተኛው መጨረሻ

የከተማችንን ስም የማልጽፈው ፈርቼ አይደለም። ስሟ በእኔ ዕድሜ ሦስት ጊዜ ስለተለወጠ፣ አሁን የትኛው እንደሚሠራ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው። ግንብ አላት፤ አንድ በር አላት፤ ከበሩ ውጭ የገበያ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ድሮ ሐይቅ የነበረ ደረቅ መሬት አለ። ለዚህ ታሪክ ይህ ይበቃል።

ሥራዬ መጨረሻ መጻፍ ነው። በእኛ ከተማ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ «ቢሆን ኖሮ» የሚባል መተግበሪያ አለው። ሲከፍቱት ከከተማችን ያለፉ ቀኖች አንዱን ያቀርባል። ጥቂት ካነበቡ በኋላ ታሪኩ ይቆምና ከሥሩ ሁለት ቁልፎች ይመጣሉ። ጉድጓዱ ይቆፈር ወይስ ይተው? ሐኪሙ ይጠራ ወይስ አይጠራ? አንባቢው አንዱን ይነካል፤ ታሪኩም በመረጠው በኩል ይሄዳል፤ እንደገና ይቆማል፣ እንደገና ያስመርጣል፤ በመጨረሻ አንባቢውን የሚያስጮህ ቦታ ላይ ያደርሰዋል። መነሻውን የሚጽፉ አሉ፤ መንታ መንገዱን የሚያወጡ አሉ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ እኔና መሰሎቼ የጅራቱ ሠራተኞች ነን።

መመሪያችን አንድ ነው፤ በየጠረጴዛችን ላይ ተለጥፏል። «ከሆነው የተሻለ መጨረሻ አይጻፍም።» ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። አንድ ጸሐፊ ጉድጓዱ የተመረዘበትን ዓመት ታሪክ ጻፈና ከመጨረሻዎቹ በአንዱ ሰው ሁሉ ንጹሕ ውሃ ጠጥቶ ልጆቹን አሳደገ። ከተማው ሳምንት ሙሉ አለቀሰ። ከዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ «ታዲያ ያኔ ለምን እንዲህ አልተደረገም?» ብሎ ጠየቀ። ለዚህ አንድ ጥያቄ አርባ ሠራተኞች ያሉት ቢሮ ተቋቋመ። ጠያቂውም እዚያው ተቀጠረ፤ አሁን መዝገብ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ያነባል፣ ይደነግጣል፣ ስልኩን ዘግቶ እፎይ ይላል። ጉድጓዱ ባይመረዝ ኖሮ ከሥሩ ምን ይወጣ እንደነበር አንብቦ የተመረዘውን ውሃ ይመርቃል። ጠዋት ሲገናኙ «እንኳንም እንዲህ ሆነ» ይባባላሉ። የለቅሶ ቤት ወግ እንኳ ተለውጧል፤ በሠልስቱ፣ ሟቹ ባይሞት ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር የሚያሳዩ ሦስት መጨረሻዎች ለቤተሰቡ ይላካሉ። ጎረቤቴ ሥጋ አንቆት የሞተ ጊዜ፣ ሚስቱ ሦስቱንም አንብባ ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ «ተመስገን፣ ሥጋው ደረሰለት» አለች። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ኮርቼ ነበር።

የተጻፈ መጨረሻ ሁሉ ለአንባቢ ከመድረሱ በፊት ይመዘናል። መዛኙ አቶ ምንተስኖት ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለ። በግራው በመዝገብ የሰፈረው፣ በቀኙ እኛ የጻፍነው ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው፣ በጠጠር። ወዲያው የሞተ አንድ ጠጠር። ልጅ ከሆነ አንድ ይጨመራል። እየተሰቃየ የቆየ ከሆነ ለየሁለት ሰዓቱ አንድ። ተርፎ ከተገኘ አምስት ይነሳለታል። ቀኙ ካልከበደ ጽሑፉ ይመለሳል። አቶ ምንተስኖት የተቆላ ሽምብራ ይወዳሉ፤ ሲመዝኑ ግን አንዲት ፍሬ ወድቃ የሰው ነፍስ እንዳታዛባ ሽምብራቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

እንዲህ እየኖርኩ ሳለ ነው እህቴ ያን ነገር የጠየቀችኝ።

ስሟ ወርቅያንጥፉ ነው፤ እኔ እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ትርንጎ። ትርንጎ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፣ ቢጫው ነፋስ የመጣ ቀን ከበሩ ውጭ ቀረች። መዝገቡ ስለዚያ ቀን እንዲህ ይላል፦ «በገበያው ሜዳ የነበሩ ሠላሳ ሁለት ሰዎች ነፋሱ እንደደረሰ ወዲያው ሞቱ። በሩ የተዘጋው ከሞቱ በኋላ ነው።»

«ቢጫው ነፋስ» ከታሪኮቻችን ሁሉ የበለጠ የሚነበበው ነው። አንባቢው በረኛውን ይሆናል። ከደረቁ ሐይቅ ላይ አቧራው ሲነሳ ያያል፤ ሰዎች ወደ በሩ ሲሮጡ ያያል፤ ከዚያ ሁለቱ ቁልፎች ይመጣሉ። ዝጋ። ክፈት። ወዲያው የሞቱ ሰዎች እንዴት ወደ በሩ ሮጡ ብሎ የጠየቀ አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም። የዘጋ ሰው የሆነውን ያገኛል፤ አሥር መስመር አይሞላም። የከፈተ ግን ስድሳ አራት መጨረሻ ይጠብቀዋል፤ ስድሳ አራቱም የእኔ ናቸው። የሚገቡት ሰዎች መልካቸው የሰው ነው፤ ውስጣቸውን ግን ነፋሱ ጠጥቶ ጨርሶታል፤ የነኩት ዘመድ ሁሉ እንደ ቋንጣ ይደርቃል። ትርንጎ በስድሳ አራቱም ውስጥ አለች።

እታለም ዘወትር የምትነካው «ክፈት»ን ነው።

«አርባኛው ላይ ፀጉሯን አራገፍከው» አለችኝ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቤቷ ተቀምጠን። «የትርንጎ ፀጉር በማበጠሪያ እንኳ አይነቀልም ነበር።»

«አስተካክለዋለሁ እታለም።»

«ሃምሳ ሦስተኛው ደህና ነው። እኔን ከመንካቷ በፊት ትንሽ ታመነታለች። እሷ ብትሆን ታመነታ ነበር።» ስልኩን ከአፍንጫዋ ሥር አንስታ አስቀመጠችው። ዓይኗን ግፊት ይዞታል። «ሐኪሙ ክረምቱ ሳይወጣ ይጠፋል ብሎኛል። ደርቤ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ጻፍልኝ። ገብታ ምሳዋን የምትበላበት። ዘፈንም ሠርግም አልልህም። ትግባ፣ እጇን ትታጠብ፣ ትብላ።»

«ክልክል ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ስድሳ አራት ጊዜ ገድለሃታል፤ አንድ ጊዜ ብታበላት ምን ይሉሃል?»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። እምቢ ያላልኩበት ምክንያት ግን ደግነት ብቻ አይደለም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩት ነገር ስላለ ነው።

በከተማችን በር የሚጠበቀው በተራ ነው። በየሳምንቱ አራት አባወራዎች ተራ ይወጣሉ፤ ሐኪምም ይሁን አናጢ፣ ተራው ሲደርስ መቀርቀሪያው ሥር ይቀመጣል። ነፋሱ በመጣበት ሳምንት ተራው የእኔና የሦስት ጎረቤቶቼ ነበር። ትርንጎ ምሳዬን በሳህን አመጣችልኝ። ገልጬ አየሁና «ሚጥሚጣ የለውም» አልኳት። «ላምጣልህ ጋሼ» ብላ ወደ ገበያው ወጣች። ሰባት ሰዓት ቢሆን ነው። ነፋሱ ሲመጣ አራታችን ተረባርበን በሩን ዘጋነው። ዝጉ ያለን የለም፤ ፈርተን ነው። ሰዎቹ ወዲያው አልሞቱም። አቧራው ዓይናቸውን አጠፋው፤ ሜዳው ላይ ጠብታ ውሃ የለም፤ ከበሩ ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ያንኳኩ ነበር። የትርንጎን ለይቼ አውቀው ነበር፤ ሦስት ትመታና ትጠብቃለች፤ ቤት ስትመጣም እንዲሁ ነበረች። እስከ ማግሥቱ ስድስት ሰዓት አንኳኳች።

ከተማው ሦስት ቀን ከቤት እንዳይወጣ ታዝዞ ስለነበር ከእኛ ሌላ የሰማ የለም። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲከፈት የከተማው መዝጋቢ መጣና «ወዲያው ነው አይደል የሞቱት?» አለን፤ መልሳችንን ሳይጠብቅ ጻፈ። ለእታለምም የነገርኳት ይህንኑ ነው። አልተሰቃየችም አልኳት። ገበያ ለምን ወጣች ስትለኝ፣ ልጅ አይደለች፣ ልታይ ነዋ አልኩ።

ስድሳ አምስተኛውን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አልሆነልኝም። አሥራ አንድ ዓመት እጄ የለመደው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ትርንጎን በበሩ አስገባታለሁ፤ በሚቀጥለው መስመር ቆዳዋ በራሱ ጊዜ መሰንጠቅ ይጀምራል። ሳህኑ ፊት አስቀምጣታለሁ፤ እንጀራው ከእጇ ላይ አቧራ ይሆናል። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆንኩ። በአሥረኛው ቀን መፍጠሩን ተውኩት። የሆነውን እንደሆነ ልጻፈውና መጨረሻ ላይ በሩን ልክፈተው አልኩ።

ከሁለቱ ቁልፎች ሥር ሦስተኛ አስጨመርኩ፦ «ቆይ»። «ቆይ»ን የነካ አንባቢ በሩን ዘግቶ ከውስጥ ይቀመጣል። ምሳውን ጻፍኩ፤ ሚጥሚጣውን ጻፍኩ፤ ሦስት ሦስት ጊዜ መንኳኳቱን ጻፍኩ። ማምሻውን ድምፅዋ ሻክሮ በበሩ ስንጥቅ በኩል «ጋሼ፣ በላህ?» ማለቷን ጻፍኩ። በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን በረኛው መቀርቀሪያውን ይስበዋል። ትርንጎ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ ይዛ ትገባለች፤ እጇን ትታጠባለች፤ የቀዘቀዘውን ምሳ አብረው ይበላሉ። የቀሩትን ሠላሳ አንድ ሰዎች እንደ ልማዴ አደረቅኋቸው። እነሱን ሳደርቅ እጄ እንዳልተንቀጠቀጠ ልሸሽግ አልፈልግም።

አቶ ምንተስኖት ሠላሳ አንዱን አስቀድመው መዝነው አሳለፉ። ከዚያ ወደ ትርንጎ መጡ።

«ልጅቱ በመዝገብ፣ ወዲያው፣ አንድ። ልጅ ናት፣ ሁለት» አሉ ጠጠሮቹን በግራው ሳህን እያኖሩ። «በእርስዎ ደግሞ ከሰባት ሰዓት እስከ ማግሥቱ ስድስት፣ ሃያ ሦስት ሰዓት።» አሥራ አንድ ጠጠር ቆጠሩና ለቀረችው አንድ ሰዓት ከመሳቢያቸው ግማሽ ጠጠር አወጡ። የልጅነቱን ጨመሩ። ስለተረፈች አምስት አነሱ። ቀኙ ሳህን ጠረጴዛውን መታ።

«አቶ ደርቤ» አሉኝ ሽምብራቸውን ከኪሳቸው እያወጡ፣ «እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ጭካኔ አላነበብኩም። ውስጥ ያሉት ይሰማሉ?»

«ይሰማሉ።»

«እየሰሙ አይከፍቱም?»

«እስከ ማግሥቱ አይከፍቱም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከየት ነው የሚያመጡት? እንኳንም እንዲህ አልሆነ።» ማኅተሙንም መቱልኝ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ለእህቴ የጠየቀችኝን ይዤላት መሄዴ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ማንም እንደማያይብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ፊደሉን ከማተለቋ የተነሳ ስልኩ በአንድ ጊዜ ከአራት ቃል በላይ አያሳይም። ሦስተኛውን ቁልፍ አሳየኋት፤ «ቆይ»ን ነካች። ማንበብ ጀመረች። ሚጥሚጣው ላይ ስትደርስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። አውራ ጣቷ ጽሑፉን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋል፤ አንዳንዴ መልሶ ወደ ታች ይስበዋል። መጨረሻው ድረስ አልሄደችም።

«በላህ ብላ ትጠይቅሃለች» አለች።

«አዎ።»

«በበሩ ማዶ ሆና።»

«ድርሰት ነው እታለም።»

«ያንተን ድርሰት አውቀዋለሁ።» ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው። «ስድሳ አራቱን አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱን ሦስት አራት ጊዜ። ባንተ ድርሰት ውስጥ ትርንጎ ሰው ይብላ አይብላ ጠይቃ አታውቅም። ፀጉሯን እንኳ የማታውቅ ሰው ነህ። ይሄንን አልፈጠርከውም ደርቤ። ሰምተኸዋል።»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ዓመት የበላሁበት ሙያ ያን ጊዜ ከዳኝ።

«ወደ ገበያው የላክሃት አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ያን ያህል አንኳኳች?»

«እንደጻፍኩት ነው።»

«ለምን አልከፈትክም?»

ለዚህ ጥያቄ ስድሳ አራት መልስ ነበረኝ። «ነፋሱ አብሯቸው ይገባ ነበር፤ ከተማው በሙሉ...»

«እሱን አንብቤዋለሁ» አለች። «ነፋሱ መቼ ቆመ?»

ይህን ጥያቄ የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ መዝጋቢው አልጠየቀም፣ አቶ ምንተስኖት አልጠየቁም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ካነበበኝ ሕዝብ አንድም ሰው አልጠየቀም። ለእናንተም እስካሁን አልነገርኳችሁም።

«እዚያው ቀን» አልኳት። «አሥር ሰዓት ላይ።»

በጣቷ ቆጠረች። ከአሥር ሰዓት እስከ ማግሥቱ ስድስት። ሁለቱ እጆቿ አልበቋትም፤ እንደገና ጀመረች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ልንከፍት ተነሳን። መቀርቀሪያውን ይዤው ነበር። ከመሃላችን አንዱ ‹ሲገቡ ምን እንላቸዋለን?› አለ። ለምን ዘጋችሁብን ቢሉን ማለቱ ነው። የምንለውን እንፈልግ ብለን ተቀመጥን። ሳናገኝ መሸ። ሳናገኝ ነጋ። ከዚያ ዝም አሉ።»

ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ፣ በጥፊ ብትመታኝ እመርጥ ነበር። እታለም ግን ስልኩን አንስታ እጄ ላይ አኖረችው።

«አንብብልኝ» አለች። «ዓይኔ ደከመ። ማንኳኳት ከጀመረችበት።»

አነበብኩላት። ሦስት ምት፤ ዝምታ። ሦስት ምት፤ ዝምታ። ጋሼ፣ በላህ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። የበረኛው እጅ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ መዳፏን ስልኩ ላይ ጫነችው።

«እዚህ ላይ ይበቃል። ከዚህ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። እኔ የሷን ነው የምፈልገው።»

በሳምንቱ አቶ ምንተስኖት ዘንድ ሄጄ ማንኳኳቱ እውነት መሆኑን ነገርኳቸው። ነፋሱ የቆመበትንም ሰዓት ተናገርኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሽምብራቸውን ኪሳቸው ከተው አሥራ ሁለት ጠጠርና ግማሿን በግራው ሳህን ላይ ደረደሩ።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ፣ «የስድሳ አራቱ መጨረሻዎች ክብደት ሁሉ እንደገና ሊታይ ነው። የቀለለ ሁሉ ሊወርድ ነው። ስድሳ አምስተኛው ደግሞ ከሆነው የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ነው። እሱ ዛሬውኑ ከሰው ስልክ ሁሉ መጥፋት አለበት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንግዲያውስ እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም» አሉ፤ ጠጠሮቹንም አንድ በአንድ ወደ መሳቢያቸው መለሱ። በደግነት ነበር የሚያናግሩኝ። አልተከራከርኩም። ለእታለም ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው።

ስድሳ አምስተኛው መጨረሻ በከተማው ተወደደ። ቢሮው የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና ልጅቱ ስታንኳኳ እንቅልፍ እንዳጡ ይነግሩኛል፤ ከዚያም እጄን ጨብጠው «እንኳንም ወዲያው ሞተች» ብለው ያልፋሉ። እኔም አሜን እላቸዋለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ የእታለም ዓይን ጠፋ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ። ስገባ ቀና ብላ «በላህ?» ትለኛለች፤ «በላሁ» እላታለሁ። ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግቼ ከማንኳኳቱ እጀምራለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ስንደርስ እጇን በዳሰሳ ዘርግታ ስልኩን ትሸፍነዋለች። በሩ የሚከፈትበትን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አላስነበበችኝም።